የደሴ ውሃ፦ ከቧንቧ እስከ ብርጭቆ

ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ ደስ ይላል። የከተማዋ ውሃ ግን በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ የጤናው ጣጣም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ይጀምራል። ውሃ ሲቋረጥ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል። የተሰነጠቀ ቱቦ ካለ በዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል። ቱቦው በሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም በፍሳሽ ቦይ አጠገብ ካለፈ የሚስበው ምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። ውሃ በመጣ ቀን መጀመሪያ የሚወርደውን ድፍርስ ለወለል ማጠቢያ ማዋል ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀጥሎ ቢጫው ጀሪካን አለ። አፉ ጠባብ ነው፤ እጅ አያስገባም። ጣት ሰድዳችሁ ግድግዳውን ብትነኩት ያሟልጫል። ያ የሚያሟልጨው ነገር ጀርሞች ተጣብቀው የሚኖሩበት ሽፋን ነው። ጠጠርና ውሃ ጨምሮ መናጥ የቆየ ዘዴ ነው፤ ይሠራልም። ክዳኑ ጠፍቶ በፌስታል የተወተፈ ጀሪካን ግን ቢታጠብም ዋጋ የለውም።

ከዚህ የሚመጡት ታይፎይድ፣ ጃርዲያ፣ አሜባ፣ ሲብስም ኮሌራ ናቸው። አተት የምንለው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ሕፃንን በሰዓታት ውስጥ ያደርቃል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስም እንባ ካጣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ነው። እስኪደርስ ኦአርኤስ (ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባለው ዱቄት) ከሌለ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ቶሎ ቶሎ ማጠጣት ነው። ማንኪያው ልክ ይሁን፤ ጨው ሲበዛ ይጎዳል።

ማፍላቱስ? ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጀርሙ ለዚህም አይተርፍም፤ ብቻ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት። ማገዶው ካልተገኘ «ውሃ አጋር» የሚባለው የክሎሪን ውሃ ማከሚያ አለ። የክሎሪኑን ሽታ የሚጠሉ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ሽታውን ከቁርጠቱ እመርጣለሁ።

ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ነገሩ ይለወጣል። የቦርከና ወንዝ ደሴን አቋርጦ ነው ወደዚያ የሚሄደው። ኮምቦልቻ ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳና የቢራ ፋብሪካ ከተማ ናት። ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም የተባለው ብረት ውሃው ውስጥ ከገባ እንደ ጀርም በእሳት አይሞትም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይወፍራል። ወንዙ ከዚያ አልፎ ጨፋ የተባለው ረግረጋማ ሜዳ ይገባል፤ በበጋ ከሩቅ የሚነዳ ከብት ውሃ የሚጠጣው እዚያ ነው።