«ሂስትሪውን አጥፋልኝ»፦ ስለ ኢንተርኔት አጠቃቀማችን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጅማ መርካቶ አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ። «ሂስትሪውን አጥፋልኝ» የሚል ደንበኛ አይጠፋም፤ ሂስትሪ ማለት በኢንተርኔት የፈለጋችሁትንና የጎበኛችሁትን ስልኩ የሚይዝበት ዝርዝር ነው። አንዱ ስልኩን ሊሸጥ ነው፤ ሌላው ለታናሽ እህቱ ሊሰጥ። አጠፋለሁ። «አሁን ምንም አልቀረም አይደል?» ሲሉኝ ግን ዝም ማለት ይከብደኛል፤ ምክንያቱም የቀረ አለ። ባንኮኒው ላይ ደጋግሜ የምመልሳቸውን እዚህ ልጻፋቸው።

«ሂስትሪ ከጠፋ ሁሉም ጠፋ»

የጠፋው ስልኩ ላይ ያለው ዝርዝር ነው። በጉግል አካውንታችሁ ገብታችሁ ስትፈልጉ ከነበረ፣ አካውንቱም የራሱ መዝገብ ሊኖረው ይችላል። እሱን ከአካውንቱ ውስጥ ገብቶ ለብቻው ማጥፋት ያስፈልጋል። 3 ወር ያለፈው በራሱ እንዲጠፋ ማድረግም ይቻላል። የጎበኛችኋቸው ድረ ገጾች የያዙት ግን እነሱ ጋ ነው ያለው።

«ኢንኮግኒቶ ከገባሁ ማንም አያየኝም»

ኢንኮግኒቶ፣ ማለትም በጉግል ክሮም ላይ ሂስትሪ ሳይመዘገብ ኢንተርኔት የሚከፈትበት መንገድ፣ ጥቅም አለው። አንድ ስልክ ለሦስት በሚነካበት ቤት፣ የፈለጋችሁት ነገር ለሚቀጥለው ሰው አይታይም። ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል። ኢንተርኔት የሚያቀርበው ድርጅትም ሆነ የመሥሪያ ቤቱ ዋይፋይ የትኛው ድረ ገጽ እንደገባችሁ ማወቅ ይችላሉ። በዚሁ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ጉግል ተከሶ ነበር። በ2024 በስምምነት ሲያልቅ፣ በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ለማጥፋት ተስማማ።

ቪፒኤንም (ኢንተርኔታችሁን በሌላ ኮምፒውተር በኩል አዙሮ የሚያሳልፈው አፕ) ያው ነው። መንገዱን ይሸፍናል። በስማችሁ ፌስቡክ ከገባችሁ ግን ማንነታችሁን ራሳችሁ ነገራችሁት።

«ስልኬ ወሬዬን ያዳምጣል»

ከሁሉ በላይ የምሰማው ይሄን ነው። አንድ እናት «ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ማውራት እንጂ ስልኩን አልነካሁትም፤ ማታውኑ ማስታወቂያው መጣ» አሉኝ። ፈርተዋል፤ አልፈርድባቸውም። ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ17,000 በላይ የአንድሮይድ አፖችን ፈትሸው፣ ድምፅ በድብቅ ቀድቶ የሚልክ አላገኙም። ይልቅ አንዳንድ አፖች ስክሪኑን እየቀዱ ወደ ሌላ ድርጅት ሲልኩ ደረሱባቸው።

ታዲያ ምጣዱ ከየት መጣ? ጠየቅኳቸው። ልጃቸው በቤቱ ዋይፋይ የምጣድ ዋጋ ስትፈልግ ነበር። ማስታወቂያ አቅራቢዎች በአንድ መስመር የሚወጡ ስልኮችን እንደ አንድ ቤት ሊቆጥሯቸው ይችላሉ። ማዳመጥ ሳያስፈልጋቸው ይህን ያህል ማወቃቸው ነው እኔን የሚያስፈራኝ።

«እኔ ተራ ሰው ነኝ፤ ከኔ ምን ይገኛል?»

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤኦኤል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ 650,000 ገደማ ደንበኞቹ በሦስት ወር ውስጥ የፈለጉትን ለጥናት ብሎ ይፋ አወጣ። ስም የለበትም፤ በስም ፋንታ ቁጥር ነው ያለው። ጋዜጠኞች ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአንዱ ቁጥር ጀርባ ያለችውን ሴት ቤቷ ድረስ ሄደው አገኟት። የፈለገቻቸው ነገሮች ተራ ነበሩ። የሰፈሯ ነገር፣ የዘመዶቿ ስም፣ ስለ ሕመም የሚጠየቅ ነገር። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን እሷኑ ጠቆሙ።

ወደ እኛ ከተማ እናምጣው። አንዲት ሴት በአንድ ሳምንት ውስጥ «የቡና ዋጋ ዛሬ»፣ «ቆጪ የሚከራይ ቤት»፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደግሞ «የጠዋት ማቅለሽለሽ ስንት ወር ይቆያል» ብላ ፈለገች እንበል። ስሟን የትም አልጻፈችም። ሥራዋ፣ ልትገባበት ያሰበችው ሰፈር፣ ለባሏ እንኳን ያልነገረችው እርግዝና፣ እንቅልፍ ማጣቷ ግን ተጽፏል። ሰዓቱ ብቻውን ይናገራል። ጥቅል ስለሚረክስ ሌሊት የሚነቃው ተማሪም፣ በጭንቀት የሚነቃውም እዚያ ውስጥ አሉ።

ለዚህ ነው «ምን የምደብቀው አለኝ» የሚለው አባባል የማይዋጥልኝ። አሁን ሕግም አለን፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። ስለ እናንተ የተያዘውን የመጠየቅና የተሳሳተውን የማሳረም መብት ይሰጣል። የጤና መረጃን ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል።

«የፈለገውን ካየሁ፣ ማንነቱን አወቅኩ»

አንድ ባል የሚስቱን ስልክ ይዞ መጣ። ስክሪኑ ተሰብሯል። እየጠበቀኝ፣ «በስኳር ምክንያት እግር መቆረጥ» የሚል ፍለጋ አይቻለሁ አለኝ። ደጋግማ ፈልጋዋለች። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ታማ ደብቃኛለች ብሎ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም። «ጠይቀሃታል?» አልኩት። አልጠየቃትም።

በማግስቱ ስልኩን ልትወስድ ራሷ መጣች። የታመሙት ጎረቤቷ ናቸው። ስማርት ስልክ የላቸውም፤ ማንበብም አይችሉም። እሷ እየፈለገች ታነብላቸዋለች። አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው የሚፈልገው ለሌላ ሰው ነው። ለእናቱ፣ ለአከራዩ፣ ለቡና ጠጪ ጎረቤቱ። ፍለጋ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄው የማን እንደሆነ ስልኩ አያውቅም።

ባሏ ያን ቀን ሳቀ አሉ። ዩቲዩብ ግን እስከ ዛሬ ስለ ስኳር ሕመም ቪዲዮ ያቀርብላታል።