ተነቃይ ከፊል ጥርስና ኢምፕላንት፦ የማኘክ ጫና ወዴት ይሄዳል?

ተነቃይ ከፊል ጥርስ የተወሰኑ ጥርሶቹን ያጣ ሰው እያወለቀ የሚያጸዳው፣ ከቀሩት ጥርሶች ጋር በብረት መንጠቆ ተያይዞ ድድ ላይ የሚያርፍ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። ከዓይነቶቹ ሁሉ አስቸጋሪው የጥርስ ሐኪሙ ኤድዋርድ ኬኔዲ በ1925 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምደባ አንደኛ ክፍል የሚባለው፣ በሁለቱም በኩል የኋላ መንጋጋ ጥርሶች ለሌሉት ሰው የሚሠራው ነው፤ ከፊት ጥርስ ቢደግፈውም ከኋላ የሚያርፈው በለስላሳ ድድ ላይ ብቻ ነውና።

ጤናማ ጥርስ ሲጫኑት ወደ ታች የሚሰምጠው ከ25 እስከ 100 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ሲሆን፣ ድድ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይረግባል። ስለዚህ ደሴ ላይ የገብስ ቆሎ የሚቆረጥም ወይም ኮምቦልቻ ላይ በርጫ ተቀምጦ ጫቱን በአንድ ጉንጩ የሚያላምጥ ሰው፣ በሚያኝክበት በኩል ያለውን የጥርሱን የኋላ ጫፍ ባኘከ ቁጥር ወደ ድዱ ይጫነዋል፤ መንጠቆው የያዘው የተፈጥሮ ጥርስም አብሮ ስለሚጠመዘዝ ውሎ አድሮ ሊነቃነቅ ይችላል።

ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1965 እ.ኤ.አ. በስዊድን ለመጀመሪያ ጊዜ ለታካሚ የተከለው ዓይነት የታይታኒየም ኢምፕላንት፣ ማለትም መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር፣ ከአጥንት ጋር በቀጥታ ስለሚዋሐድ በጫና የሚንቀሳቀሰው ከ3 እስከ 5 ማይክሮሜትር ገደማ ብቻ ነው። በየጎኑ አንድ ከኋላ ሲተከል የሰው ሠራሹ ጥርስ መስመጥ ይገታል፣ ድዱም ፋታ ያገኛል። ጫናው ግን ጠፋ ማለት አይደለም፤ ከፊሉ በኢምፕላንቱ አንገት ዙሪያ ወዳለው አጥንት ይዛወራል። ኢምፕላንቱ ዘንበል ብሎ ከተተከለ ደግሞ ይህ ጫና ይበረታል።

ዋናው ጥያቄ የመትከያው ቦታ ነው። በሁለተኛው መንጋጋ ጥርስ አካባቢ የተተከለው ድዱን ይበልጥ ያሳርፋል። ከፊተኛው ጥርስ አጠገብ የተተከለው ጎረቤቱን ጥርስ ቢያግዝም፣ ከኋላው ያለው ክፍል መስመጡን ስለማያቆም ራሱ የሚዛን ምሰሶ ይሆናል። በመሆኑም የመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስ ቦታ እንደ አማካይ መፍትሔ ይታያል፤ ይሁንና ከኋላ የአጥንቱ ከፍታ አንሶ የታችኛው መንጋጋ ነርቭ ከቀረበ፣ ሐኪሙ ስሌቱን ትቶ አጥንት ባለበት ለመትከል ይገደዳል።

ማያያዣውም ለውጥ ያመጣል። ለስላሳ ክዳን ብቻ የተደረገለት ኢምፕላንት ከታች ይደግፋል እንጂ አይዝም፤ ኳስ መሰል ማያያዣ ግን ጥርሱን አጥብቆ ስለሚይዝ ሲስቁ የሚታየውን መንጠቆ ለማስቀረት ቢረዳም የጎን ግፊትንም ወደ ኢምፕላንቱ ያስተላልፋል። በኢምፕላንቱ አናት ላይ የሚያርፈው አክሪሊክ (ሰው ሠራሹ ጥርስ የሚሠራበት ፕላስቲክ) ስለሚሳሳ በብረት ካልተጠናከረ የሚሰነጠቀው እዚያው ላይ ነው። ከድዱ ሥር ያለው አጥንት ከዓመት ዓመት ሲሟሽሽ የጥርሱ ውስጠኛ ገጽ በየጊዜው እየታየ እንደገና መሞላት ይኖርበታል፤ አለዚያ ድዱ ይሸከመው የነበረው ሁሉ በኢምፕላንቱ ላይ ያርፋል።