ሰው ተኝቶ ግፊት ሲያድር

«ደም ግፊት የሚነሳው በንዴት ነው፤ ከተኛሁማ ምን አለብኝ?» ስኳርም ግፊትም ካለበት ሰው አፍ የማይጠፋ ነገር ነው። ግማሹ ልክ ነው። ጤነኛ ሰው ሲተኛ ግፊቱ ከቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል። ቀን 130 የነበረው የላይኛው ቁጥር ሌሊት 110 ገደማ ይሆናል። ስኳር ለዓመታት የቆየበት ሰው ላይ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አይወርድም። አንዳንዱማ ጭራሽ ከቀኑ ይበልጥበታል። እዚህ ውስጥ ንዴት የለበትም። ስኳር የሚያመጣው፣ እግርን የሚያደነዝዘው የነርቭ ጉዳት ልብንና የደም ሥርን የሚያዙትን ነርቮችም አይምርም። ኩላሊት ከደከመ ደግሞ ቀን ያልወጣው ጨው የሚወጣው ሌሊት ነው፤ እሱን ለመግፋት ግፊቱ ከፍ እንዳለ ያድራል። እንዲህ የሚያድር ሰው ለስትሮክ፣ ለልብና ለኩላሊት ጉዳት ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

«ጠዋት ስለካ 125 በ75 ነው፤ ምን ቀረኝ?» ሌሊቱ ቀረዎት። እሱን የሚያሳየው ክንድ ላይ ታስሮ 24 ሰዓት እየደጋገመ የሚለካ መሣሪያ ነው። የሌሊቱ አማካይ 120 በ70 ከደረሰ ከፍ ያለ ይባላል፤ ቀን ቢሆን ማንም የማይደነግጥበት ቁጥር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነስቶ በቤት መለኪያ መለካት አይተካውም። የነቃ ሰው ግፊት ሌላ ነው።

«ከፍ ቢል ይሰማኝ ነበር።» አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም።

«እያንኮራፋ ነው የሚያድር፣ እንቅልፉ ግሩም ነው።» ማንኮራፋቱ መሀል ትንፋሹ ቀጥ እያለ እንደገና የሚመለስ ከሆነ ግሩም አይደለም። የሌሊት ግፊትን ከሚያስነሱት አንዱ ይኸው ነው፤ ለሐኪም ይነገር።

«እንግዲያው የግፊት ኪኒኑን ሁሉ ማታ ልዋጠው።» ቆይ! በብሪታንያ ከ21,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2022 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ጠዋት በወሰዱትና ማታ በወሰዱት መካከል በድንገተኛ የልብ ሕመም፣ በስትሮክም ሆነ በሞት ልዩነት አልታየም። ሐኪም ለአንዳንዱ ማታ ሊያዝ ይችላል፤ በራስ ፈቃድ ሰዓት መቀየር ግን ጣጣ አለው። የሚያሸናውን ማታ የዋጠ ሰው ሽንት ቤት ሲመላለስ ያድራል። ነርቩ የተጎዳ ሰው ደግሞ ተኝቶ ከፍ ያለው ግፊት ብድግ ሲል ድንገት ይወርድበትና ዞሮበት ሊወድቅ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ሌሊት ሲነሳ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ቁጭ ይበል።