የሞተር ሳይክል ቫልቭና ታይሚንግ ቤልት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሞተር ሳይክል ላይ የቫልቭ ክፍተት (በቫልቩና ቫልቩን በሚገፋው ክፍል መካከል ያለውን ትንሽ ክፍተት) ማስተካከል ቤት ውስጥ በደንብ የሚሠራ ሥራ ነው። ሞተር የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ሥራው ሳይሆን ከአፍ ወደ አፍ የሚዞረው ምክር ነው።

«ሞተሩ ጠቅ ጠቅ ካላለ ቫልቩ ደህና ነው»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ሞተሩ ይጮኻል። ድምፁ ይረብሻል፣ ግን ያስጠነቅቃል። ክፍተቱ ሲጠብ ግን ሞተሩ እንዲያውም ጸጥ ይላል። ችግሩ ቫልቩ በደንብ አለመዘጋቱ ነው። ቫልቭ አብዛኛውን ሙቀቱን የሚያስወጣው ተዘግቶ መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ነው። ያን ዕረፍት ካጣ፣ በተለይ የጭስ ማውጫው ቫልቭ፣ ጠርዙ ይቃጠላል። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት) ይወርዳል፣ ሞተሩም አልነሳም ይላል። በብዙ ሞተሮች መቀመጫው እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ በራሱ እየጠበበ ይመጣል። ስለዚህ ጆሯችሁን ሳይሆን ማኑዋሉ የሚለውን ኪሎ ሜትር ተከተሉ።

«ትንሽ አሙቆ መለካት ይሻላል»

አይሻልም። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ክፍተቱም ይለወጣል። ማኑዋሉ ሌላ ካላለ በስተቀር የሚለካው ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ነው። ማታ አቁማችሁ ጠዋት ሥሩ።

«ምልክቱ ከገጠመ መለካት ይቻላል»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ባለአራት ምት ሞተር አንድ ዑደት ለመጨረስ ሁለት ዙር ይዞራል። ስለዚህ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ መድረሱን የሚያሳየው ምልክት ሁለቴ ይገጥማል፤ የምንፈልገው ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ፒስተኑ ሲያምቅ (ኮምፕሬሽን ላይ) ያለውን ብቻ ነው። በጣታችሁ የሁለቱንም ቫልቮች ሮከር (ቫልቩን የሚገፋውን ክንድ) ነቅነቅ አድርጉ። ሁለቱም ትንሽ ከተነቃነቁ ቦታው ትክክል ነው። ካልተነቃነቁ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩና እንደገና ሞክሩ።

ማኑዋሉ የሚለው ክፍተት 0.10 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ የዚያ ውፍረት ያለው የፊለር ጌጅ (የክፍተት መለኪያ) ስስ ብረት በትንሹ ያዝ እያደረገ መግባትና መውጣት አለበት። ከዚያ ዳዶውን ስታጠብቁ ማስተካከያው ብሎን አብሮ ስለሚዞር በካቻቢቴ ያዙት። ካጠበቃችሁ በኋላ ደግማችሁ ለኩ። ይህን የሚዘል ሰው ሥራውን አልጨረሰም። በሺም (ውፍረቱ በሚለያይ ትንሽ የብረት ክብ) የሚስተካከሉት ግን ይህ ብሎን የላቸውም፤ አብዛኞቹ ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ማውጣት ይጠይቃሉ።

«ሁሉም ሞተር ሳይክል ታይሚንግ ቤልት አለው»

የለውም። ታይሚንግ ቤልት ካምሻፍቱን ከሞተሩ ዙር ጋር አስማምቶ የሚያዞር ባለጥርስ ቀበቶ ነው፤ በአብዛኞቹ ውስጥ ግን ይህን ሥራ የሚሠራው ሰንሰለት ነው። ቤልት የሚገኘው ለምሳሌ ፓንታህ ከሚባለው ሞዴል ጀምሮ ባሉ ብዙ የዱካቲ ሞዴሎችና በቀድሞዎቹ የሆንዳ ጎልድ ዊንግ ላይ ነው። ሃርሊ ላይ የኋላ ጎማ የሚያዞረው ቤልት ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

«ቤልቱ ካልተሰነጠቀ አይቀየርም»

ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል። ለዚህ ነው አምራቾች ኪሎ ሜትርም ዓመትም የሚያስቀምጡት፤ ቀድሞ የደረሰው ይሠራል። ቤልቱ ከተበጠሰ ፒስተኑ የተከፈተውን ቫልቭ ሊመታ ይችላል፣ ያኔ ወጪው የቤልት ዋጋ አይደለም።

ስትገጥሙ «ጠበቅ ማለቱ ይሻላል» አትበሉ። ከልክ ያለፈ ውጥረት ቤልቱ የሚዞርባቸውን ኩሽኔታዎች ይበላል፣ የላላ ደግሞ ጥርስ ይዘላል። ከገጠማችሁ በኋላ ካንዴላውን አውጡና ሞተሩን በእጅ፣ በትክክለኛው አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። በማስነሻ ሞተር እንዳትሞክሩት። መሃል ላይ ጠንከር ያለ ነገር ከያዘ አታስገድዱ። ከሁለቱ ዙር በኋላ ምልክቶቹ ካልገጠሙ ቤልቱን አውጥታችሁ እንደገና ግጠሙ።