ወንድምን ከቅጽ ላይ መሰረዝ፦ ስለ ሜይንፍሬም ሥራና ስለ ክሊራንስ የሚነገሩ ስህተቶች

ከደሴና ከኮምቦልቻ ወጥተው አሜሪካ የገቡ የኮምፒውተር ባለሙያዎች የመንግሥትን መረጃ በሚይዙ ተቋማት ለመቀጠር ሲያመለክቱ፣ ከወገን የሚደርሳቸው ምክር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ወሎ ያሉትን ወንድሞችህን ቅጹ ላይ አትጻፍ፤ ከጻፍካቸው ክሊራንሱን ትከለከላለህ»። ክሊራንስ ማለት የመንግሥትን ምስጢራዊ መረጃ በሚይዝ ሥራ ላይ ለመግባት የሚሰጥ የደኅንነት ፈቃድ ነው። በሠርግም፣ በለቅሶ ቤትም፣ ከደሴ በሚደወል ስልክም ሰምቼዋለሁ። ክሊራንስ በሚጠይቅ ቦታ የሜይንፍሬም፣ ማለትም ትላልቅ ተቋማት መረጃቸውን የሚያስተናግዱበት ትልቅ ኮምፒውተር፣ ሲስተም ፕሮግራመር ሆኜ የኖርኩ ሰው በመሆኔ ይህ ምክር የሚያደርሰውን ጉዳት በቅርብ አይቻለሁ። ወደ እሱ ከመድረሴ በፊት ግን ሌሎቹን ስህተቶች ባጭሩ ላንሣ።

ሜይንፍሬም የሞተ ማሽን ነው የሚሉ አሉ። አይቢኤም ሲስተም 360ን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1964 ቢሆንም፣ የዚያው ዘር የሆነው ዜድ 17 የወጣው በ2025 ነው።

ኮቦል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚያውቅ ሁሉ ሲስተም ፕሮግራመር ነው የሚሉም አሉ። ኮቦል የሚጽፈው የአፕሊኬሽን ፕሮግራመሩ ነው። የእኛ ሥራ የማሽኑን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ዜድ ኦኤስን መጫን፣ ማስተካከያዎችን ኤስኤምፒ/ኢ በተባለው መሣሪያ ማስገባት፣ የሲስተሙ ቅንብሮች የሚቀመጡበትን ፓርምሊብን ማዘጋጀት፣ ሲስተሙን አይፒኤል ማድረግ (ማስነሣት) እና አንድ ነገር ሲበላሽ ዳምፑን፣ ማለትም የማሽኑን ማኅደረ ትውስታ ቅጂ፣ አንብቦ ምክንያቱን ማግኘት ነው፤ ለዚህም አሴምብለር፣ ጄሲኤልና ሬክስ የተባሉት ቋንቋዎች ያስፈልጋሉ።

የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች «እዚህ ሆነን እንዴት እንማረዋለን?» ሲሉ ያሳዝኑኛል፤ ምክንያቱም ይቻላል። ሄርኩለስ የተባለው ነፃ ኢሙሌተር (ሜይንፍሬምን የሚያስመስል ፕሮግራም) በተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፤ ኤምቪኤስ 3.8 የተባለውን የቀድሞ ኦፕሬቲንግ ሲስተምም ያስነሣል። አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ችግር የለውም። ኔትወርክ ባለበት ደግሞ አይቢኤም ዜድ ኤክስፕሎር የተባለው ነፃ ትምህርት በእውነተኛ ዜድ ኦኤስ ላይ ያለማምዳል።

ክሊራንስን ማንም ሰው በራሱ አመልክቶ አያወጣውም፤ ሥራው የሚጠይቀው መሆኑን አረጋግጦ ሂደቱን የሚያስጀምረው ቀጣሪው ነው፤ ግሪን ካርድም አይበቃም፤ ዜግነት ይጠየቃል።

«እኔ የምነካው ማሽኑን እንጂ ምስጢሩን አይደለም፤ ታዲያ ለምን እኔን ይመረምሩኛል?» የሚለው ቅሬታ ግን ማብራሪያ ይገባዋል። በዜድ ኦኤስ ላይ ኤፒኤፍ የሚባል፣ ልዩ ሥልጣን የተሰጣቸው ላይብረሪዎች ዝርዝር አለ። ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ተገቢው ምልክት ተደርጎበት የተቀመጠ ፕሮግራም ወደ ሱፐርቫይዘር ስቴት፣ ማለትም ማሽኑን በሙሉ ሥልጣን ወደሚያዝበት ሁኔታ፣ መሸጋገር ይችላል፤ እዚያ ከደረሰ ደግሞ ማን ምን ማየት እንደሚችል የሚወስነው ራክኤፍ የተባለው የጥበቃ ሶፍትዌር የዘረጋውን ጥበቃ ማለፍ አይሳነውም። እነዚህን ላይብረሪዎች የሚያዘጋጀው ሲስተም ፕሮግራመሩ ስለሆነ፣ አንድም የምስጢር ፋይል እንዲያነብ ባይፈቀድለት እንኳ፣ የጎተራው ቁልፍ በእጁ ነው። ኤስኤምኤፍ የተባለው የሲስተሙ መዝጋቢ እሱ የሚሠራውን ቢመዘግብም፣ መዝገቡን የሚያመነጨውን ሲስተም የሚያስተዳድረው እሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ምርመራው የሚፈልገው ይህ ሰው ሲጠየቅ እውነቱን ይናገራል ወይስ አይናገርም የሚለውን ነው።

ወንድምን መደበቅ የከፋ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኤስኤፍ 86 የተባለው የክሊራንስ ቅጽ ወላጆችን፣ ልጆችን፣ ወንድሞችንና እኅቶችን፣ በእናት ወይም በአባት ብቻ የሚገናኙትን ጭምር፣ አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ ለውጭ አገር ዜጋ የተደረገ የገንዘብ ድጋፍንም ይጠይቃል። ውሳኔ ሰጪዎች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚሠሩበት መመሪያ 13 መመዘኛዎች አሉት። የውጭ አገር ተጽዕኖ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ሆኖም እናት ደሴ መኖሯ ብቻውን አይጥልም፤ የሚመዘነው ዝምድናው አመልካቹን ለጫና ያጋልጠዋል ወይ የሚለው ነው። አውቆ መዋሸት ግን ራሱን የቻለ መከልከያ ምክንያት ነው፤ ቅጹም በሐሰት የሚሞላ ሰው እስከ 5 ዓመት እስራት ሊደርስበት እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

በቅርብ የማውቀው አንድ የኮምቦልቻ ልጅ፣ ታላቅ ወንድሙ የወረዳ ሠራተኛ ስለነበር፣ በአጎቱ ምክር ስሙን ሳይጽፈው ቀረ። ለእናቱ የሚልከው ገንዘብ ግን የሚደርሰው በዚያው ወንድሙ ስም ነበር፤ መርማሪውም ማንነቱን ከባንኩ ወረቀት ተነሥቶ ጠየቀው። በመጨረሻ የደረሰው ደብዳቤ የወንድሙን ሥራ እንደ ጥፋት አልቆጠረውም፤ የከለከለው በመደበቁ ነው። በሌላ በኩል ደሴ፣ ሐይቅና ወልዲያ የተበተኑ እኅትና ወንድሞቿን በሙሉ ጽፋ ፈቃዷን ያገኘች የአገሬ ልጅ ዛሬ በሥራዋ ላይ ናት፤ ለቤተሰቧ የምትልከውንም ገንዘብ አላቋረጠችም።

ለእኛ አስቸጋሪው ነገር ቅጹ የተሠራው ለሌላ አኗኗር መሆኑ ነው። እኛ የአጎትንም ልጅ ወንድሜ እንላለን፤ እዚያ ግን በወንድምነት የሚጻፈው በእናት ወይም በአባት የሚገናኘው ነው፤ የአጎት ልጅ በቅርብ የምንገናኘው ከሆነ በውጭ አገር ወዳጆች ክፍል ይገባል። አንድ አባት የወለዳቸው ልጆች አንዱ ሙሐመድ አንዱ ኃይለ ማርያም መባላቸው በወሎ አያስገርምም፤ መርማሪው ግን ሊደናገር ስለሚችል ሳይጠየቁ ማስረዳት ይጠቅማል። እናቶቻችንም የተወለዱበትን ዘመን ከ1966ቱ ድርቅ በፊት ወይም በኋላ ብለው እንጂ በቀን አያውቁትም፤ ስለዚህ ዓመቱን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መልሶ፣ ግምት መሆኑን በሚያመለክተው ሣጥን ላይ ምልክት ማድረግ እንጂ እርግጠኛ መስሎ ቀን መፍጠር አይገባም። የድሮው የኢትዮጵያ ፓስፖርትም ጊዜው ቢያልፍበት እንኳ ይጻፍ።

ቅጹን ከላከ በኋላ የዘለለው ዘመድ እንዳለ ያስታወሰ፣ ወይም በሰው ምክር አውቆ የዘለለ ሰው፣ መርማሪው እስኪደርስበት መጠበቅ የለበትም። መመሪያው ሰው ከመያዙ በፊት በቅን ልቦና ፈጥኖ ያረመውን ስህተት በማቅለያነት ይቀበላል። የወንድሙን ሙሉ ስም፣ የሚኖርበትን ከተማ፣ ሥራውንና ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገሩበትን ወር በወረቀት ይዞ ይቅረብ፤ ቃለ መጠይቁ እንደተጀመረም ከማናቸውም ጥያቄ በፊት ይህንኑ ይናገር።