ለምክር ቤት የሚቀርብ አቤቱታ ምንድን ነው?

አንድ መሥሪያ ቤት መብትዎን ነፍጎዎት ወይም ጥያቄዎን ተቀብሎ ዝም ብሎዎት ከሆነ፣ ያን መሥሪያ ቤት የመቆጣጠር ሥልጣን ላለው የተመረጠ ምክር ቤት «ይታይልኝ» ብለው የሚያቀርቡት ጥያቄ አቤቱታ ይባላል። ብቻዎን ወይም በደሉ ከነካቸው ጎረቤቶችዎ ጋር ተፈራርመው ሊያቀርቡት ይችላሉ።

አቤት ማለት ለሰሜን ሸዋ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የሸዋ ነገሥታት አንኮበር ተቀምጠው በሚገዙበት ዘመን የመጨረሻው ዳኝነት በንጉሡ እጅ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ማንም ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ጽፎ ነበር። ያ አቤቱታ ግን የሚቆመው በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ነው፤ በደሉ ከዙፋኑ ከመጣማ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይባል ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 አቤቱታ ማቅረብን ከመሰብሰብና ከሰላማዊ ሰልፍ ጋር አብሮ በመብትነት አስቀምጦታል። ለዚህ መብት ያስቀመጠው የፊርማ ብዛት የለም። በብሪታንያ ለፓርላማው ድረ ገጽ የሚቀርብ አቤቱታ 10,000 ፊርማ ሲሞላ መንግሥት መልስ ይሰጥበታል፣ 100,000 ሲደርስ ደግሞ ለክርክር ይታያል። እኛ ዘንድ የአንድ ገበሬ ማመልከቻም አቤቱታ ነው።

ምክር ቤት ዳኛ እንዳልሆነ ግን ከወዲሁ መታወቅ አለበት። የዳኝነት ሥልጣን የፍርድ ቤት ነው፤ የፓርላማ አባል ፍርድ ሊሽር ወይም በተያዘ መዝገብ ላይ ሊያዝ አይችልም። የምክር ቤት አቅሙ ሌላ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 የተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጨምሮ የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ መጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር መመርመር ይችላል። ሥራው ደግሞ በቋሚ ኮሚቴዎች በኩል ይሄዳል። አቤቱታ ጉልበት የሚያገኘው የእርስዎ ጉዳይ አንድ ባለሥልጣን ቆሞ የሚመልሰው ጥያቄ ሲሆን ነው። እስከዚያው የይግባኝ ጊዜ እንደሚቆጠር አይርሱ። ለምክር ቤት ጽፌያለሁ ብሎ ቀነ ገደብ ማሳለፍ ብዙ ሰው መብቱን ያጣበት ነገር ነው።

የሰሜን ሸዋን ሰው በጣም የሚያደክመው ግን የት እንደሚሄድ አለማወቁ ነው። ከደብረ ብርሃን አራት ኪሎ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ባሕር ዳር ግን በአዲስ አበባ በኩል ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ እግር የሚቀናው ወደ አራት ኪሎ ነው። ሆኖም መሬት የሚያስተዳድረው፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችንም የያዘው ክልሉ ነው፤ ፌዴራል የቀረበው ወረቀት «ለሚመለከተው አካል» ተብሎ ይመለሳል። ዞኑም እንደ አዊ ወይም ዋግ ኽምራ የራሱ የተመረጠ ምክር ቤት የለውም። ስለዚህ በቀበሌና በወረዳ ምክር ቤት ያልተፈታ የመሬት ጉዳይ ቀጥሎ የሚያገኘው የተመረጠ አካል የአማራ ክልል ምክር ቤት ነው።

እንበል ደብረ ብርሃን ዙሪያ የአንድ ገበሬ ማሳ ለፋብሪካ ተወሰደ። ገብሱ ተገምቶ ተከፈለው፣ ባሕር ዛፉ ግን ከግምቱ ተዘለለ። ማመልከቻ ጸሐፊው «ፍትሕ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ብሎ ቢጨርስለት፣ ያን አንብቦ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅ ሹም የለም። እንዲህ ቢል ግን ሌላ ነው፦ «ባሕር ዛፉ ለምን እንዳልተገመተ የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ እንዲመልስልኝ፣ ካሳው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት ተሠልቶ እንዲከፈለኝ ምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቅልኝ።» የግምት ሰነዱንና ቀድሞ ያስገባውን ቅሬታ ያያይዛል። ከግርጌ ግን አሥር ቢሮ በግልባጭ መደርደሩ ይቅርበት። ግልባጭ የደረሰው ሁሉ ሌላው ይመልሳል ብሎ ይተወዋል። በእጁ የሚቀረው ቅጂ ላይ የመዝገብ ቤቱ ቀንና ቁጥር መኖሩን ያረጋግጥ፤ ያ ቁጥር ከሌለ «አልደረሰንም» ለሚል ሰው መልስ የለውም።

ጉዳይዎ የፌዴራል መሥሪያ ቤትን የሚመለከት ከሆነ ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ዓመት ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለ። ተወካይዎ ወደ ምርጫ ክልሉ ሲመጣ ወረቀቱን በአካል ይስጡት። መልስ ያጡበት ነገር የአስተዳደር በደል ከሆነ ለምክር ቤቱ ተጠሪ የሆነው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም አለ። ፍርድ ቤት የያዘውን ጉዳይ አያይም። አቤቱታውን ግን ያለ ክፍያ ይቀበላል፤ መጻፍ የማይችል ሰውም በቃሉ ተናግሮ ማስመዝገብ ይችላል።