የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ይህ በዓል የአሜሪካ ጥቁሮች ለሲቪል መብቶች ያደረጉት ትግል በመሪው ስም የሚታሰብበት ነው። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«በዓሉን ያወጁት ፕሬዚዳንት ሬገን ናቸው»

ሬገን ኖቬምበር 2 ቀን 1983 ሕጉን ፈረሙ እንጂ ሐሳቡ የእሳቸው አልነበረም፤ እንዲያውም ወጪውን አንስተው ሲያመነቱ ቆይተዋል። ረቂቁን ያቀረበው የምክር ቤት አባሉ ጆን ኮንየርስ ነው፤ ያውም ኪንግ በተገደለ በአራተኛው ቀን፣ በኤፕሪል 1968። በ1979 የተወካዮች ምክር ቤት 252 ለ133 ደግፎትም ረቂቁ ወደቀ። ምክንያቱም የቀረበው ክርክሩን በሚያሳጥረው፣ ግን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ በሚጠይቀው አሠራር ስለነበር 5 ድምፅ ጎደለው። ተቃዋሚዎች የሠራተኛ ዕረፍት ወጪ ይበዛል፣ ሥልጣን ላልያዘ ሰው ይህን ያህል ክብር አይገባም ይሉ ነበር። የኪንግ ባለቤት ኮሬታ ስኮት ኪንግና የትግል አጋሮቿ ግን ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋ ፊርማ አሰባስበው ግፊቱን ቀጠሉ። በ1983 ምክር ቤቱ 338 ለ90፣ ሴኔቱ 78 ለ22 አጸደቁት። ድሉ የእነዚያ ፈራሚዎች ነው።

«ሁልጊዜ በልደቱ ቀን ይከበራል»

ኪንግ የተወለደው ጃንዋሪ 15 ነው። ሕጉ ግን የወሩን ሦስተኛ ሰኞ ስለሚል ቀኑ ከ15 እስከ 21 ባለው ውስጥ ይዘዋወራል።

«ኮንግረስ ካጸደቀው አገሩ ሁሉ ሥራ ይዘጋል»

ብዙዎችን የሚያሳስተው ይህ ነው። የፌዴራሉ ሕግ የሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ነው። በግዛት ደረጃ እንዲከበር እያንዳንዱ ግዛት የራሱን ሕግ ማውጣት አለበት፤ የግል ቀጣሪም ሠራተኛውን እንዲያሳርፍ አይገደድም።

የአሪዞናን ግዛት እንይ። በ1986 ገዥው ብሩስ ባቢት በዓሉን በትእዛዝ አወጁ። ተተኪያቸው ኢቫን ሜካም በ1987 «ገዥ ይህን የማወጅ ሥልጣን የለውም» ብለው ሻሩት። በገዥ ትእዛዝ ብቻ የቆመ በዓል በሌላ ገዥ ትእዛዝ ይፈርሳል። በ1990 ጉዳዩ ለሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብ ሌላ ስህተት ተሠራ፦ ሁለት ተፎካካሪ አማራጮች በአንድ የድምፅ ወረቀት ላይ ወጡ፤ የደጋፊው ድምፅ ተከፋፈለና ሁለቱም ወደቁ። በዚህም የተነሳ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ የ1993ቱን ሱፐር ቦውል፣ ማለትም የፍጻሜ ጨዋታውን፣ ከአሪዞና ነጥቆ ወደ ካሊፎርኒያ ወሰደው። በ1992 አንድ ጥያቄ ብቻ ሲቀርብ መራጩ አጸደቀ።

«ከ1986 ጀምሮ በሁሉም ግዛት እኩል ይከበራል»

በ1986 የመጀመሪያው የፌዴራል በዓል ተከበረ እንጂ ኒው ሃምፕሻየር የኪንግን ስም የጨመረችው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት «የሲቪል መብቶች ቀን» ብቻ ትለው ነበር። በሳውዝ ካሮላይና የመንግሥት ሠራተኞች እስከ 2000 ድረስ ከኪንግ ቀንና ከኮንፌዴሬት (በእርስ በርስ ጦርነቱ ባርነትን ለማስቀጠል የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች) በዓላት አንዱን እንዲመርጡ ይደረግ ነበር። በዚያ ዓመት የኪንግ ቀን ሙሉ በዓል ሲሆን፣ በዚያው ሕግ የኮንፌዴሬት መታሰቢያ ቀንም ሙሉ በዓል ሆነ።